ታሪክን በቤት ለማስተማር የአራት ዓመት ውጥን

ልጆቻቸውን በቤታቸው የሚያስተምሩ ወላጆች በሒሳብ እምብዛም አይቸገሩም፤ ሒሳብ ከመደመር ወደ መቀነስ፥ ከመቀነስ ወደ ማባዛት እያለ መንገዱን ራሱ ይመራልና። ታሪክ ግን እንዲህ አይደለም። ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ፥ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፥ ምን ተነግሮ ምን እንደሚቆይ አስቀድሞ ያልወጠነ ወላጅ እንዳጋጠመው ያስተምራል። የካቲት ሲገባ ዐድዋን፥ ሚያዝያ ሲመጣ የነጻነትን በዓል፥ በመስከረም ደግሞ የንግሥት እሌኒን ነገር ይነግራል። በዚህ ዐይነት ያደገ ልጅ የንግሥተ ሳባን ጉዞና የዐድዋን ጦርነት ያውቃል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ዘመን ግን እንደ ባዶ ሜዳ ይዘለዋል። ንግሥተ ሳባን የእቴጌ ጣይቱ አያት አድርጎ የሚገምት ልጅም አይጠፋም። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን ለአንድ ልጅ የሚሆን የአራት ዓመት የታሪክ ውጥን ለወላጆች እናቀርባለን።

አስቀድሞ ስለ ሕግ ጥቂት እንበል። ልጅን በቤት የማስተማር ነገር በየአገሩ ደንቡ ልዩ ልዩ ነው። በአሜሪካ በሃምሳውም ግዛቶች የተፈቀደ ነው፤ ዝርዝሩ ግን አንድ አይደለም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በቨርጂንያ ወላጅ በቤት ለማስተማር ማሰቡን በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ቀን ድረስ ለትምህርት ቤቶች የበላይ ኀላፊ ማስታወቅና ትምህርቶቹን ዘርዝሮ ማቅረብ አለበት፤ ዓመቱም ሲፈጸም ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል። በቴክሳስ እንዲህ ያለ ዓመታዊ ማስታወቂያ አይጠየቅም። በጀርመን ግን ልጅ ትምህርት ቤት መግባቱ ግዴታ ስለ ሆነ ቤት ትምህርት ቤትን ሊተካ አይችልም። እንግዲህ በፍራንክፈርት ወይም በአዲስ አበባ የሚኖር ወላጅ ይህንኑ ውጥን ከትምህርት ቤት መልስና በቅዳሜ ቀን ሊሠራበት ይችላል፤ አራቱ ዓመት አምስት ቢሆንበት ምንም አይጎዳም።

ታሪክን ለማስጀመር መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ከቅርብ ተነሥቶ፥ ማለት ከአያትና ከመንደር ጀምሮ ወደ ኋላ መራመድ ነው። ሁለተኛው ከጥንት ተነሥቶ ወደ ዛሬ መውረድ ነው። እኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን። ልጅ ተረት የሚሰማው ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው፤ «ከዚያስ?» ብሎ መጠየቅ ያውቃል፤ «ከዚያ በፊትስ?» ብሎ መጠየቅ ግን ይከብደዋል። በአሜሪካ በቤት የሚያስተምሩ ብዙ ቤተሰቦች ይህንኑ በአራት ከፍለው ይከተሉታል፤ በመጀመሪያው ዓመት ጥንቱን፥ በሁለተኛው መካከለኛውን ዘመን፥ በሦስተኛው ከዚያ ወዲህ እስከ መቶ ሰባ ዓመት በፊት ድረስ ያለውን፥ በአራተኛው የቅርቡን ያስተምራሉ። አራቱ ሲፈጸም እንደ ገና ከጥንት ይጀምራሉ፤ ነገር ግን በሁለተኛው ዙር ልጁ አድጓልና ጥያቄው ይጠነክራል። ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ልጅ ዳዊትን አስቀድሞ በንባብ ይደግማል፤ ትርጓሜውን የሚማረው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በስምንት ዓመቱ የጀመረ ልጅ የታሪክን ንባብ በዐሥራ ሁለት ዓመቱ ይፈጽማል፤ ትርጓሜው ከዚያ ይጀምራል።

አንዳንድ ወላጆች የኢትዮጵያን ታሪክ በአማርኛ፥ የዓለምን ታሪክ በእንግሊዝኛ ለይተው በሁለት ደብተር ያስተምራሉ። ይህን አንወደውም። ልጁ ሁለት ዓለም ያለ ይመስለዋል፤ አንዱ እውነተኛ፥ ሁለተኛው የቤተሰብ ጨዋታ ይሆንበታል። ደብተሩ አንድ፥ የዘመኑም መስመር አንድ ይሁን።

ስለ ዘመኑ መስመር ሰፋ አድርገን እንነጋገር፤ ከመጻሕፍት ሁሉ ይልቅ የሚጠቅም መሣሪያ ነውና። አምስት ሜትር የሚሆን ጥቅል ወረቀት ግዙና በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ በልጁ ቁመት ልክ ለጥፉ። ለመቶ ዓመት ዐሥር ሳንቲሜትር ስጡ። ከጌታችን ልደት በፊት ሦስት ሺህ ዓመት ጀምሮ እስከ እኛ ዘመን ድረስ ያለው አምስት ሜትር ይሞላል። የልጁ ዕድሜ በዚህ ልክ አንድ ሳንቲሜትር አይደርስም። ከዐድዋ እስከ ዛሬ ያለው ዐሥራ ሦስት ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ ከንጉሥ ዒዛና እስከ ዐድዋ ያለው ግን ከአንድ ሜትር ተኩል ያላነሰ ነው። ያ ባዶ ሜዳ ስፋቱ ስንት እንደ ሆነ ልጁ በእጁ ለክቶ ያየዋል፤ ይህን ካየ በኋላ እንዲሞላለት ራሱ ይጠይቃል። በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ በዚህ ወረቀት ላይ አትገኝም። ሊቃውንቱ የሚሰጧት ዕድሜ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ስለ ሆነ መስመሩ ከቤት ወጥቶ ሦስት ኪሎ ሜትር ከሁለት መቶ ሜትር ይሄዳል። የባሕረ ሐሳብን የዓመተ ዓለም ቍጥር የተማረ ልጅ በዚህ ጊዜ መጠየቁ አይቀርም። ወላጅ ጥያቄውን አያፍነው፤ አንዱ ቍጥር ከመጻሕፍት የትውልድ ሐረግ፥ ሁለተኛው ከድንጋይና ከዐመድ ልኬት የተቈጠረ መሆኑን ይንገረው፤ ልጁ አንድ ቀን በብሔራዊ ሙዚየም ወይም በትምህርት ቤት መጽሐፍ ያገኘዋልና ከባዕድ አፍ ቀድሞ ከወላጁ ቢሰማው ይሻላል።

በመስመሩ ላይ ቍጥሩ በሁለት ወገን ይጻፍ፤ ከላይ የእኛ፥ ከታች የአውሮፓ አቈጣጠር። ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ማለቂያ አካባቢ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፥ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ነው። በውጭ አገር የሚያድግ ልጅ በዚህ ይደናገራል፤ አባቱ አብዮቱ በ1966 ፈነዳ ይላል፥ እናቱ ንጉሠ ነገሥቱ በ1967 ከዙፋን ወረዱ ትላለች፥ የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ሁለቱንም በ1974 ያደርጋቸዋል። ሦስቱም ልክ ናቸው። የካቲት 1966 እና መስከረም 2 ቀን 1967 በአውሮፓ አቈጣጠር በአንድ ዓመት ውስጥ ይወድቃሉ። ይህን አንድ ምሳሌ በወረቀቱ ላይ ሠርቶ ያሳየ ወላጅ ብዙ ክርክር ያስቀራል። እኛም ከዚህ በታች «በአውሮፓ» ካላልን በስተቀር ስለ ቅርቡ ዘመን የምንጽፈው በአገራችን አቈጣጠር ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ግብፅን፥ ባቢሎንን፥ እስራኤልን፥ ፋርስን፥ ግሪክንና ሮምን ይዞ ይሄዳል፤ ከዚያው ጋር ግንቡ እስከ ዛሬ ቆሞ የሚታየውን የየሐን ቤተ መቅደስ፥ የአዱሊስን ወደብና አክሱምን ያያይዛል። በዚህ ዓመት ከብዙ ነገር ይልቅ አንዲት ነገር በደንብ ብትያዝ እንወዳለን፤ እርሷም የዒዛና ገንዘብ ናት። የዒዛና የመጀመሪያ ገንዘቦች ጨረቃና ክብ ምልክት አለባቸው፤ የኋለኞቹ መስቀል አለባቸው። የሁለቱን ሥዕል ጎን ለጎን አስቀምጡና ዝም በሉ። ልጁ ልዩነቱን ፈልጎ ያገኘዋል፤ «በመካከል ምን ሆነ?» ይላል። ያን ጊዜ የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ታሪክ ንገሩት። ቀጥሎም ታሪኩን የመሰከሩትን አሳዩት፤ የእኛ ስንክሳር አለ፤ በአራተኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ አካባቢ የኖረው ሩፊኖስ ከአባ ሰላማ ወንድም ከኤዴስዮስ አፍ ሰማሁ ብሎ ጽፎታል፤ ቅዱስ አትናቴዎስም ንጉሡ ቆስጠንጢዮስ ስለዚሁ ጳጳስ ወደ አክሱም ነገሥታት የላከውን ደብዳቤ በመጽሐፉ አኑሮታል። በአክሱም ያለው የዒዛና የድንጋይ ጽሕፈት ደግሞ በግእዝ ቋንቋ በሁለት ዐይነት ፊደል፥ እንዲሁም በጽርእ የተጻፈ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ይህን ሁሉ ስም አይያዝ፤ ታሪክ በምስክር እንደሚቆም ብቻ ይያዝ።

ሁለተኛው ዓመት ከቅዱስ ያሬድ ዘመን እስከ 1500 በአውሮፓ ይደርሳል። በአውሮፓ በ615 የመሐመድ ተከታዮች ወደ አክሱም መሰደዳቸው፥ የዛግዌ ነገሥታትና የላሊበላ ዐሥራ አንድ አብያተ ክርስቲያናት፥ ሰላሐዲን በ1187 ኢየሩሳሌምን መያዙ፥ የማሊው ንጉሥ ማንሳ ሙሳ በ1324 ወደ መካ መጓዙ ሁሉ በዚህ ይገባል። ማንሳ ሙሳ ሲጓዝ በእኛ አገር ዐፄ ዐምደ ጽዮን ነግሠው ነበር፤ ሁለቱን ስም በወረቀቱ ላይ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች መጻፍ ለልጁ ብዙ ያስተምረዋል።

በዚህ ዓመት ግን አንድ ከባድ ነገር ይመጣል፤ እርሱም ክብረ ነገሥት ነው። መጽሐፉ የሚተርከው የሰሎሞንን ዘመን ነው፤ አሁን ባለው መልኩ የተጻፈው ግን በዐሥራ አራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አካባቢ፥ ይኵኖ አምላክ በአውሮፓ በ1270 ከነገሡ በኋላ ነው። አንዳንዱ ወላጅ ይህን ለልጁ መንገር ሃይማኖትን ማናጋት ይመስለዋል፤ ሌላው ደግሞ ዘመናዊ ለመምሰል መጽሐፉን ተረት ነው ብሎ ይጥለዋል። ሁለቱንም አንቀበልም። በወረቀቱ ላይ ሁለት ምልክት አድርጉ፤ አንዱን ሰሎሞን በነገሠበት ዘመን፥ ሁለተኛውን መጽሐፉ በተጻፈበት ዘመን። ከዚያም «ይህ በዚያን ጊዜ ለምን ተጻፈ? ለማን ይጠቅም ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። መንግሥት አዲስ ሲተከል የዘር ሐረጉን ማስመስከር እንደሚፈልግ የዐሥር ዓመት ልጅ ይረዳዋል። በአራተኛው ዓመት ሦስተኛ ምልክት ትጨምሩበታላችሁ፤ በአውሮፓ በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከዘረፋቸው ብዙ መጻሕፍት መካከል አንድ ክብረ ነገሥት ነበረ፤ ዐፄ ዮሐንስም በ1872 ደብዳቤ ጽፈው አስመልሰውታል። ንጉሥ ከጦርነትና ከረኀብ መካከል ስለ አንድ መጽሐፍ ደብዳቤ የሚጽፍበት አገር ስለዚያ መጽሐፍ ለልጁ በጥንቃቄ ቢናገር አግባብ ነው።

ሦስተኛው ዓመት ብዙ ወላጆች የሚሸሹት ነው። የአሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦርነት፥ የአብያተ ክርስቲያናት መቃጠል፥ የፖርቱጋሎች መምጣት፥ ዐፄ ሱስንዮስ በሃይማኖት ምክንያት የፈሰሰው ደም አስመርሯቸው በአውሮፓ በ1632 መንበሩን ለልጃቸው ለፋሲለደስ መልቀቃቸው፥ የጎንደር መመሥረት፥ የዘመነ መሳፍንት ሽኩቻ ሁሉ በዚህ ነው። በዓለምም ወገን የባሕር ማዶ ወረራና የባሪያ ንግድ አለ። የግራኝን ጦርነት ሁለቱም ወገን ጽፎታል፤ የእኛ የዜና መዋዕል ጸሐፊዎች አሉ፥ ከጦሩ ጋር አብሮ የሄደው የየመኑ ተወላጅ ዐረብ ፈቂህም አለ። አንድን ውጊያ፥ ለምሳሌ በአውሮፓ በ1529 የተደረገውን የሽምብራ ኩሬን፥ ከሁለቱም ወገን አንብቡለት። እኛ «ግራኝ» የምንለውን ሰው የጎረቤት እስላም ልጅ «ኢማም አሕመድ» ብሎ በክብር እንደሚጠራው ከጓደኛው ጋር ተጣልቶ ሳይሆን ከእናንተ ይማር።

ለዚህ ዓመት ከሁሉ አብልጠን የምንወደው መምህር በአውሮፓ በ1593 ገደማ ስለ ኦሮሞ ሕዝብ መስፋፋት የጻፉት መነኵሴ አባ ባሕርይ ናቸው። ጋሞ ያለ አገራቸው የጠፋባቸው ሰው ነበሩ፤ ምሬታቸውና ስለ ባላጋራቸው የሚናገሩት ክፉ ቃል በጽሑፋቸው ይታያል፤ ወላጅም ይህን አይሸፍን። ነገር ግን እነዚያ ለምን አሸነፉን ብለው ጠየቁ፤ መልሱንም በባላጋራቸው ላይ ብቻ አልፈለጉም። የራሳቸውን ወገን በዐሥር ክፍል ቈጥረው ዘጠኙ ወደ ጦርነት የማይወጣ መሆኑን ጻፉ፤ ካህናቱንም ከቍጥሩ አላስቀሩም። ልጅ ይህን ሲሰማ ቈጣሪው ራሱ መነኵሴ መሆኑን አስታውሱት።

አራተኛው ዓመት ከዐፄ ቴዎድሮስ መንገሥ፥ ከ1847 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ዛሬ ይወርዳል። የበርሊን ጉባኤን፥ ሁለቱን የዓለም ጦርነቶች፥ የአፍሪካን ነጻ መውጣትና በ1955 በአዲስ አበባ የተመሠረተውን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ይይዛል። ዐድዋን ለማስተማር ምክር አያስፈልግም፤ ሁሉ ያውቃል። ምክር የሚያስፈልገው ለማይነገረው ነው። ዐድዋን ድል ያደረገ አገር ባሪያ ፈንጋይም እንደ ነበረ፥ በመስከረም 1916 ወደ መንግሥታት ማኅበር ሲገባ ይህን ለማስቀረት ቃል እንደ ገባ፥ በሕግ ፈጽሞ የተሻረውም በ1934 እንደ ሆነ ልጅ ሊያውቅ ይገባዋል። የአሜሪካን የባሪያ ንግድ በደንብ ተምሮ የአገሩን ሳይማር የቀረ ልጅ ሲያድግ ከሌላ ሰው ይሰማዋል፤ ያን ጊዜ ወላጆቹ ስለ ሌላውም የነገሩትን ሁሉ ይጠራጠራል። ጠላት አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928፥ ንጉሠ ነገሥቱ የተመለሱትም ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው፤ በሁለቱ ቀኖች መካከል የካቲት 12 ቀን 1929 እና በዚያው ዓመት በግንቦት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት መገደል አለ። አርበኛም ባንዳም ከአንድ መንደር እንደ ወጣ አትሸፍኑ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዘመን በብዙ ቤት ውስጥ በዝምታ የተከደነ ነው። ስለ 1969 እና 1970 ሲነሣ ምግቡን ትቶ የሚነሣ አባት እናውቃለን፤ እንዲህ ያለው ብዙ ነው። ቤተ ክርስቲያንም በዚያ ዘመን ቍስል አላት፤ በ1968 ከመንበራቸው የወረዱት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1971 ተገድለዋል። ልጁ ግን «ከአገር ለምን ወጣችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ይህም ከታሪክ ጥያቄዎች ሁሉ ለእርሱ ዋነኛው ነው። የምንመክረው እንዲህ ነው። ልጁ ዐሥራ አንድ ወይም ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው ለአያቱ፥ ወይም ለአንድ በዕድሜ ለገፉ ዘመድ፥ ዐሥር ጥያቄ በጽሑፍ ያዘጋጅ። የመጀመሪያዎቹ ቀላል ይሁኑ፤ «እማማ፥ ልጅ ሳሉ ውኃ ከየት ይቀዱ ነበር? ትምህርት ቤት በስንት ሰዓት ይደርሱ ነበር?» የመሰሉ። ወላጅ አስቀድሞ ሄዶ ፈቃድ ይጠይቅ፤ የማይነሣ ነገር ካለ ይወቅ። «ይህን ተወው ልጄ» ካሉ ልጁ እርሳሱን ያስቀምጥ፥ በደብተሩም «ይህን አልነገሩኝም» ብሎ ቀኑን ይጻፍ። ይህም ራሱ መዝገብ ነው። ብዙ ጊዜ ያየነው ግን አያቶች ለልጆቻቸው ያልነገሩትን ለልጅ ልጆቻቸው መናገራቸውን ነው።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 በሰሜን የተደረገውን ጦርነት፥ ከዚያም ወዲህ ያለውን፥ በመስመሩ ላይ ምልክት ማድረግ ይበቃል። ፍርዱን ለዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ጽፎ መስጠት ግን አግባብ አይደለም። ከሌላ ወገን የሆነ ምእመን ልጁ ከእናንተ ልጅ ጋር በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ይማራል፤ ሁለቱ በየቤታቸው የተለያየ ፍርድ ተምረው ቢገናኙ ጠቡን የሚወርሱት እነርሱ ናቸው።

ስለ ሳምንቱ አሠራር የሚነገረው አጭር ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፥ በየጊዜው ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ወላጅ ያነባል፤ ልጁ የሰማውን በራሱ ቃል መልሶ ይናገራል፤ ትንሹ ሥዕል ይሥላል፥ ትልቁ አምስት መስመር ይጽፋል። የሰባትና የዐሥራ አንድ ዓመት ልጆች ያሉት ቤት ሁለት ውጥን አያስፈልገውም፤ ሁለቱም አንድ ዘመን ይማሩ፥ የሚለየው የሚጠየቁት ብቻ ይሁን። በጾም ወራት እናት ከቅዳሴ ተመልሳ ስትደክም ትምህርቱ ቢቀር ወደ ኋላ ሄዶ ለማካካስ አትሩጡ፤ ያለቀውን ዘመን ትታችሁ ቀጥሉ፥ የተዘለለው በሁለተኛው ዙር ይገኛል። በባልቲሞር አካባቢ ያላችሁ በዋልተርስ ሙዚየም የኢትዮጵያ መስቀሎች፥ ሥዕላትና ብራናዎች ስላሉ በሁለተኛው ዓመት ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፤ በለንደን ያላችሁ መቅደላ ስትደርሱ ሂዱ።

መጻሕፍት አታብዙ። አንድ የዓለም ታሪክ፥ አንድ የኢትዮጵያ ታሪክ፥ አንድ የካርታ መጽሐፍና መጽሐፍ ቅዱስ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃሉ፤ የቀረው ገንዘብ ለጥቅሉ ወረቀትና ለጥሩ ቀለም ይዋል። መስመሩን መስከረም ከመግባቱ በፊት በነሐሴ ለጥፉት፤ ቤት የምትለቁ ከሆነ ጠቅልላችሁ ይዛችሁት ሂዱ። ካርታን ከዚህ ውጥን ጋር እንዴት እንደሚያስኬዱት በሚመጣው ወር እንጽፋለን።